የተማሪዎች የአገልግሎት ሥራ ለትምህርትና ለኅብረተሰብ ደኅንነት፦ ካለፉት ሙከራዎች የተገኘ ልምድና የድሬ ጠያራ ወረዳ ሁኔታ

መግቢያ

ተማሪን በትምህርት ላይ ሳለ ከኅብረተሰቡ ችግር ጋር በሥራ ማገናኘት ለኢትዮጵያ አዲስ አሳብ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች መውጣት ከጀመሩ ሰባ ዓመት ያህል ሆኗል። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ መንግሥታት ዘመን፣ በተለያየ ስምና ዓላማ፣ ተማሪው መምህር፣ የጤና አስተማሪ፣ ጉድጓድ ቆፋሪና ችግኝ ተካይ ሆኖ አገልግሏል። ዛሬም ክረምት በገባ ቁጥር የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይዘጋጃል፤ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል፤ የአረጋውያን ቤት ይጠገናል፤ ችግኝ ይተከላል።

ይሁን እንጂ ስለዚህ ሥራ የሚጻፉት ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት የተሠማሩትን ተማሪዎችና የተከናወኑትን ተግባራት ብዛት ነው። ተማሪው ወደ መጣበት ከተመለሰ በኋላ በቦታው ምን እንደቀረ የሚመረምሩት ጥቂቶች ናቸው። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ጊዜውንና ጉልበቱን አውጥቶ የተቀበለው ሥራ በጅምር ሲቀር የሚቀጥለውን ቡድን በጥርጣሬ ይመለከታል። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት እንዲልክ የሚመክረውን መምህር ቃልም በዚያው ዓይን ያየዋል። ስለዚህ በከንቱ የቀረ የተማሪ ሥራ ጉዳቱ ለትምህርት ቤቱም ይተርፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተማሪ ሥራ ከተማሪው በኋላ እንዲቆይ የሚያደርጉት ሁኔታዎች ምን ምን እንደሆኑ ካለፉት ሙከራዎች በመነሣት ማስረዳት፣ ቀጥሎም እነዚህ ሁኔታዎች በሐረሪ ክልል በድሬ ጠያራ ወረዳ እንዴት ሊሟሉ እንደሚችሉ ማመልከት ነው።

1. ያለፉት ሙከራዎች ምን ያስተምራሉ?

ሀ) ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ አገልግሎት

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። እነዚህ ሙያተኞች ከተመረቁ በኋላ በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ገና በትምህርት ላይ ሳሉ በአንድ ቡድን ተደራጅተው ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። የቡድን ሥልጠና የሚባለው ይህ አሠራር በዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ቀጥሏል።

ተመሳሳይ መርሕ በ1970ዎቹ አጋማሽ በጅማ በተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የበለጠ ተስፋፍቶ ተሠራበት። ኢንስቲትዩቱ ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን የሥራው ፍልስፍና አድርጎ ተነሣ። በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም አሠራሩ ከጤና ውጭ ወዳሉት የትምህርት ዘርፎች ተሻገረ። አካሄዱ በአጭሩ ሲገለጽ የሚከተለው ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ አንድ ቀበሌ ይመደባሉ። በመጀመሪያው ደረጃ የነዋሪውን ሁኔታና ችግር በጥናት ይለያሉ። ቀጥሎ ከነዋሪው ጋር ተመካክረው ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ ዕቅድ ያወጣሉ። በኋለኞቹ ደረጃዎች ደግሞ ዕቅዱን በሥራ ላይ አውለው ውጤቱን ይመዝናሉ። ሥራው ነጥብ የሚያዝበት የትምህርት ክፍል ስለሆነ የአንድ ሰው መልካም ፈቃድ ሲቀዘቅዝ አይቋረጥም።

ለ) የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው። የአገልግሎቱ ዋና ጥንካሬ የጊዜው ርዝመት ነበር፤ ተማሪው ሙሉ የትምህርት ዘመን በአንድ ቦታ ስለሚቀመጥ የአካባቢውን ኑሮ ለማወቅ ፋታ ያገኛል። በአንጻሩ ደግሞ በየዓመቱ አንዱ ሄዶ ሌላው በሚተካበት ትምህርት ቤት፣ ሥራውን ለቋሚው መምህር የሚያስተላልፍ ሥርዓት ካልተበጀ፣ አዲሱ መጪ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው መነሣት ግድ ይሆንበታል።

ሐ) የዕድገት በኅብረት ዘመቻ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሠማራ። ዘማቾቹ ማንበብና መጻፍ አስተማሩ፤ ትምህርት ቤቶችን ሠሩ፤ የውኃ ጉድጓዶችን ቆፈሩ። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላም ገበሬውን በማኅበር በማደራጀት ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። ይህም ሆኖ ብዙዎቹ ከተሜዎች የነበሩት ወጣቶች የአካባቢውን ቋንቋና ልማድ በሚገባ ሳያውቁ መሠማራታቸው፣ ከአካባቢ ባለሥልጣናትና ከባለመሬቶች ጋርም መጋጨታቸው ሥራውን አወከው። ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. ሲያበቃ በየጣቢያው የተጀመረውን ሥራ የሚረከብ የተዘጋጀ አካል ያልነበረባቸው ቦታዎች ጥቂቶች አልነበሩም።

መ) የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከቀደመው ትምህርት የወሰደ ይመስላል። ማስተማሪያው መጀመሪያ በ5፣ በኋላም በ15 ብሔረሰቦች ቋንቋዎች ተዘጋጀ። በ1972 ዓ.ም. ዘመቻው የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበርን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። ሆኖም የንባብ ጽሑፍ በእጃቸው ያልደረሰ ጎልማሶች ያገኙትን ችሎታ መልሰው ማጣታቸው አልቀረም። ፊደል የቆጠረ ገበሬ የሚያነበው ጋዜጣ፣ የእርሻ ምክር ጽሑፍ ወይም የልጁ መጽሐፍ ካላገኘ ትምህርቱ ሥር አይሰድም።

ከእነዚህ ሙከራዎች ሦስት ሁኔታዎች ጎልተው ይታያሉ፦ የነዋሪው ቋንቋ፣ የነዋሪው የሥራ ወቅት፣ እንዲሁም ሥራውን የሚረከብ ቋሚ አካል። እነዚህ ሦስቱ በድሬ ጠያራ ምን መልክ እንዳላቸው ቀጥሎ ይታያል።

2. የድሬ ጠያራ ሁኔታ

የሐረሪ ክልል ዘጠኝ ወረዳዎች አሉት። ስድስቱ በሐረር ከተማ ሲሆኑ፣ ኤረር፣ ሶፊና ድሬ ጠያራ የገጠር ወረዳዎች ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 183,415 ነበር፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከተሜ ነው። ድሬ ጠያራ እንግዲህ ከተማ አጠገብ ያለ ገጠር ነው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጀጎል ግንብ፣ የክልሉ መሥሪያ ቤቶችና ሆስፒታሎች ከገበሬው ማሳ ብዙ አይርቁም። ከሐረር በስተምዕራብ ያለውና በ1977 ዓ.ም. ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደገው የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲም የጤናና የሕክምና ሳይንስ ኮሌጁን የያዘው በሐረር ከተማ ነው፤ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ነው።

ይህ ቅርበት ጥቅምም ፈተናም አለው። ጥቅሙ ተማሪና መምህር በአነስተኛ ወጪ ደጋግመው ሊመላለሱ መቻላቸው ነው። ፈተናው ደግሞ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ መመለስ ስለሚቻል ጉብኝቱ አጭርና ላይ ላዩን የመሆኑ ዝንባሌ ነው። ተከታታይ ቡድኖች አንዱን ቤተሰብ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ ውኃውና ስለ ልጆቹ ክትባት በየጊዜው ሊጠይቁት ይችላሉ፤ መልሱ ግን ተመልሶ ካልተነገረው መጠየቁ ሸክም ይሆንበታል። ስለዚህ በከተማ አጠገብ ለሚሠራ ቡድን የመጀመሪያው ግዴታ ከዚያ በፊት የተጠየቀውንና የተገኘውን ማወቅ ነው።

ቋንቋን በሚመለከት የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው። በከተማው አማርኛ በሰፊው ይነገራል፤ የገጠሩ ሕዝብ ግን በአብዛኛው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስተርጓሚ ሊያስፈልገው ይችላል። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ሊረዱ ቢችሉም፣ የቤተሰብ ምሥጢር የሆነ ጉዳይ በሚነሣበት ጥያቄ ላይ ሕፃንን አስተርጓሚ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ለዚህ ሥራ በየቀበሌው የሚገኙት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመረጣሉ።

የሥራ ወቅትን በሚመለከት የሐረርጌ ገበሬ ዋነኛ ሰብሎች ማሽላና ጫት ናቸው። ማሽላ ረዥም ጊዜ የሚወስድ ሰብል ነው፤ በበልጉ ዝናብ ተዘርቶ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ግድም ነው። ፍሬው ሲያሽት ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠብቁት ብዙውን ጊዜ ልጆች ናቸው። ይህም ከትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ መንፈቅ ጋር ይጋጫል። ጫት በበኩሉ ለገበያ የሚቀርበው ትኩስ ሆኖ ስለሆነ ማለዳ የመልቀሚያ ሰዓት ነው፤ ማለዳ የሚጠራ ስብሰባ ሰው አያገኝም። የረመዳን ጾምም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም፣ ያለፈው ዓመት የሥራ ሠንጠረዥ እንዳለ ለዘንድሮ አያገለግልም።

ሥራን የሚረከብ አካል ደግሞ በአካባቢው ሞልቷል። በደቦ መልክ የሚሠራው ጉዛ፣ ለቅሶንና ችግርን በጋራ የሚሸከመው አፎሻ፣ በሐረሪዎችም ዘንድ አፎቻ የሚባለው ማኅበር ዘመቻዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበሩ፣ ዘመቻዎቹም ካለፉ በኋላ የዘለቁ ናቸው። የተማሪ ፕሮጀክት ለአንድ ሥራ ብቻ አዲስ ኮሚቴ ከሚያቋቁም ይልቅ ከእነዚህና ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ጋር ቢተሣሠር ዕድሜው ይረዝማል።

የሐሮማያ ሐይቅ ታሪክም ለዚህ አካባቢ ትምህርት ቤቶች የቅርብ ማስተማሪያ ነው። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ምንጭ የነበረው ይህ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚወርደው ደለል፣ ለመስኖ በብዛት የተሳበው ውኃና ትነቱ ተደምረው ያመጡት ጉዳት ነው። ከተማው በኋላ ከድሬዳዋ አቅጣጫ የሚሳብ የከርሰ ምድር ውኃ አስፈለገው። ተዳፋትን በእርከን መጠበቅና የቧንቧ ውኃ ምን ግንኙነት እንዳላቸው ለመረዳት የሐረር ተማሪ ሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገውም።

3. በአንድ ትምህርት ቤት እንዴት ሊሠራ ይችላል?

የጅማው አካሄድ በዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚወሰን አይደለም። አንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በራሱ አቅም ሊከተለው ይችላል። ለምሳሌ ያህል የቀሪ ተማሪዎች ጉዳይ ይወሰድ።

በመጀመሪያ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ካለፈው ዓመት የስም መጥሪያ መዝገብ ላይ የቀሪዎችን ብዛት በወርና በጾታ ይቆጥራሉ፤ የማንም ስም ሳይጠራ ሠንጠረዥ ያዘጋጃሉ። ሁለተኛ መምህራን ሠንጠረዡን ይዘው ወላጆችን ያነጋግራሉ፤ ቁጥሩ የጨመረበት ወር የማሽላ ጥበቃ ነው ወይስ የውኃ እጥረት? ልጃገረዶች በየወሩ ጥቂት ቀን የሚቀሩ ከሆነ ትምህርት ቤቱ ውኃና መዝጊያ ያለው መጸዳጃ አለው ወይ? ሦስተኛ ከተገኙት ምክንያቶች ትምህርት ቤቱና ቀበሌው ሊያቃልሉት የሚችሉት አንድ ብቻ ይመረጣል። አራተኛ ሥራው ይሠራል፤ በዓመቱ መዝገቡ እንደገና ይቆጠራል።

የተመረጠው ችግር ውኃ ነው እንበል። የትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ 50 ካሬ ሜትር፣ የዓመቱ ዝናብ 700 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከሚወርደውም 80 በመቶው ቢጠራቀም 28,000 ሊትር ይገኛል። ይህ ቁጥር ለጆሮ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከዝናቡ አብዛኛው የሚወርደው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ስለሆነ ወሳኙ የማጠራቀሚያው መጠን ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር መስከረም ላይ ሞልቶ ቢገኝና 200 ተማሪዎች በቀን አንዳንድ ሊትር ቢጠቀሙ ውኃው የሚበቃው ለ50 የትምህርት ቀን ነው፤ ይህም በኅዳር መጨረሻ ግድም ያልቃል። በትንሽ ቀዳዳ የሚያፈስ ጀሪካን ለእጅ መታጠቢያ አዘጋጅቶ የእያንዳንዱን ድርሻ ወደ ግማሽ ሊትር ማውረድ ከተቻለ ግን እስከ ጥር መጨረሻ ይደርሳል፤ የበልግ ዝናብ እስኪጀምር የሚቀረው ጊዜም አጭር ይሆናል። ይህን ስሌት የሠራ ተማሪ ሒሳብን፣ ጂኦግራፊንና ጤና አጠባበቅን በአንድ ጊዜ ተምሯል፤ ታንከሩ በየካቲት ባዶ ሆኖ ሲገኝም ምክንያቱን አስቀድሞ ያውቃል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚህ ላይ የሚጨምሩት አላቸው። የምሕንድስና ተማሪ የታንከሩን መሠረት ሊነድፍ፣ የጤና ተማሪ የውኃውን ንጽሕና ሊመረምር ይችላል። የፍሳሽ መውረጃው ሲሰበር የሚጠግነው ግን በቀበሌው ያለ ሰው መሆን አለበት። ስለሆነም ጥገናውን የሚማር ሰው ከሥራው መጀመሪያ ጀምሮ አብሮ መሥራት ይኖርበታል።

4. ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ትኩረት ይሻሉ።

በትምህርት ቤት ደረጃ እያንዳንዱ የተማሪ ፕሮጀክት ከአንድ የታወቀ የትምህርት ዓይነት ጋር መያያዝና ምዘና ሊኖረው ይገባል። ከክበብ ሥራነት ያልወጣ ፕሮጀክት ኃላፊው መምህር ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። የማጠናከሪያ ትምህርትም ቢሆን በክረምት ሲሰጥ የረዳቸው ልጆች በመስከረም ከየትኛው ምዕራፍ እንደሚቀጥሉ ለክፍል መምህራቸው በጽሑፍ መተላለፍ አለበት።

በወረዳ ደረጃ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በየቀበሌው የተካሄዱ ጥናቶችንና ሥራዎችን የሚመዘግብ አንድ ቋሚ መዝገብ ቢይዝ፣ አዲስ ቡድን ከመሠማራቱ በፊት የቀደመውን ሊያይ ይችላል። ቤተሰቦች የሰጡት መልስም በሚገባቸው ቋንቋ ተመልሶ እንዲነገራቸው ማድረግ የፈቃድ መስጫ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይገባል።

በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ደግሞ ብዙ ቀበሌዎችን በየተራ ከመንካት ይልቅ ጥቂት ቀበሌዎችን ለተከታታይ ዓመታት መያዝ ይመረጣል። የበጀት ዕቅድም ለሥራው ማስጀመሪያ ብቻ ሳይሆን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት ክትትል ገንዘብ መያዝ አለበት።

ማጠቃለያ

ያለፉት ሰባ ዓመታት ሙከራዎች የኢትዮጵያ ተማሪ ለማገልገል ፈቃደኛና ብቁ መሆኑን አስረድተዋል። ጉድለቱ በብዛት የታየው ከእርሱ መመለስ በኋላ ስለሚሆነው አስቀድሞ ባለመታቀዱ ነው። ድሬ ጠያራን የመሰለ፣ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲና ገጠር የተቀራረቡበት ወረዳ ይህን ለማረም ከብዙ ቦታዎች የተሻለ ዕድል አለው። የሚያስፈልገው መነሻም ከባድ አይደለም፤ ፕሮጀክቱ ሲጀመር ማን እንደሚረከበው በስም ተጽፎ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይቀመጥ፣ ዓመት ሲሞላም ርእሰ መምህሩና የወላጅ ተወካዮች ሥራውን በቦታው ተገኝተው ይመልከቱ።