ስለ ቤት መጠበቂያ ካሜራ አተካከልና ስለ ጥቅሙ አመዛዘን

መግቢያ

በአዲስ አበባ ቤትን የሚጠብቁት ነገሮች ከድሮ ጀምሮ የታወቁ ናቸው፤ እነርሱም አጥር፣ ውሻ፣ ዘበኛና ጎረቤት ናቸው። ዛሬ በእነዚህ ላይ ካሜራ ተጨምሯል። ካሜራው ከተሰቀለ በኋላ ግን የታሰበለትን ሥራ በእርግጥ መሥራቱን የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። ሥዕሉ በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ከታየ ብዙው ሰው ሥራው ተፈጸመ ብሎ ይተወዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቤት ካሜራ እንዴት እንደሚተከልና ከተተከለም በኋላ በምን ዘዴ እንደሚመዘን በአጭሩ ለመግለጽ ነው።

ጽሑፉን ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነኝ በአንዲት ዘመዴ ቤት የደረሰ ነገር ነው። በግቢዋ 4 ካሜራዎች ተሰቅለው ነበር። አንድ ሌሊት ከውጭው በር አጠገብ ከቆመችው መኪና ሁለቱም ስፖኪዮዎች ተወሰዱ። የተቀዳው ሥዕል ሲታይ ነጣ ያለ ጃኬት የለበሰ ሰው በአጥር ሲገባ ያሳያል፤ በሥዕሉም ጥግ ላይ 03:20 የሚል ሰዓት ተጽፏል። በዚያው ዕለት የቤቱን አሸንዳ ሲያድስ የዋለ አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ነጣ ያለ ጃኬት ነበረው፤ ከቤቱም የወጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ያለ ጥርጥር እርሱ ነው አለ። ወሬውም በሰፈሩ ተሰማና ልጁ በሌሎች ሁለት ቤቶች የያዘውን ሥራ አጣ። ከሦስት ቀን በኋላ ነገሩ እንደገና ሲመረመር የካሜራው ማስረጃ በሦስት በኩል ስሕተት ያለበት ሆኖ ተገኘ። ስሕተቶቹን አንድ በአንድ መመልከት የካሜራን ጠባይ ለማወቅ ስለሚረዳ ከዚህ በታች በተራ ቀርበዋል።

የነገሩ አመጣጥ በአጭሩ

ሥዕልን በሽቦ እያስተላለፉ ከሩቅ መጠበቅ የተጀመረው በጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፔነሙንደ የሮኬት መተኮሻ ቦታ ኢንጂነር ቫልተር ብሩኽ ያዘጋጀው መሣሪያ የሮኬቱን አነሣሥ ከሩቅ ለመመልከት አገልግሏል። ለመኖሪያ ቤት የሚሆነውን ያሰበችው ግን በኒው ዮርክ ከተማ በኩዊንስ ክፍል ትኖር የነበረች ማሪ ቫን ብሪተን ብራውን የተባለች ነርስ ናት። ከባሏ ከአልበርት ብራውን ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ጠየቀች፤ መብቱም በታኅሣሥ ወር 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተሰጣቸው። በመሣሪያው ካሜራው በበሩ ላይ በተበሱ 4 ቀዳዳዎች ፊት ከፍና ዝቅ እያለ ከውጭ የቆመውን ሰው ያሳያል፤ የቤቱም ባለቤት ከመኝታ ክፍሏ ሳትወጣ እንግዳውን አይታ፣ አነጋግራ በሩን ለመክፈት ትችላለች። ሐሳቡ «በሬ ላይ የቆመው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት መሆኑን ልብ እንበል። ዛሬም የቤት ካሜራ የሚመዘነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

1ኛ፤ ማየትና መለየት የተለያዩ ስለ መሆናቸው

የካሜራ ሥዕል በጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው፤ እነዚህ ነጥቦች ፒክስል ይባላሉ። በብዛት የሚሸጠው ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ በአግድም 1920 ነጥቦች አሉት። እነዚህ ነጥቦች ካሜራው በሚያየው ስፋት ሁሉ ላይ ይካፈላሉ። ስለዚህ ካሜራው ሰፊ ቦታ ባየ መጠን ለአንድ ሜትር የሚደርሰው ነጥብ ያንሳል።

አይኢሲ 62676-4 የተባለው ዓለም አቀፍ የደረጃ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. እትሙ ይህን በቁጥር ወስኖት ነበር። ሰው መኖሩን ለማወቅ በአንድ ሜትር 25 ነጥብ ይበቃል። የአለባበሱንና የአካሄዱን ሁኔታ ለመመልከት 62.5 ያስፈልጋል። ቀድሞ የሚታወቅን ሰው እርሱ ነው ለማለት 125፣ ፈጽሞ የማይታወቅን ሰው ማንነት ለመለየት ደግሞ 250 ነጥብ ያስፈልጋል።

በተባለው ቤት ካሜራው ከበሩ 14 ሜትር ርቆ በቤቱ ጥግ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ የሌንሱም ማዕዘን 100 ዲግሪ ያህል ነው። ካሜራው በዚያ ርቀት የሚያየው ስፋት 33.4 ሜትር ይሆናል። 1920ን ለ33.4 ስናካፍል 57 ያህል ነጥብ ለአንድ ሜትር ይደርሳል። ይህ ሰው መኖሩን ለማወቅ ይበቃል፤ አለባበሱን በሚገባ ለመመልከት እንኳ ጥቂት ይጐድለዋል፤ የሚያውቁትን ሰው ለመለየት ከሚያስፈልገው ደግሞ ከግማሽ በታች ነው። እንግዲህ ቤተ ሰቡ «ልጁን አየነው» ሲል ያየው ልጁን ሳይሆን አንድን ሰው ብቻ ነው፤ የቀረውን የሞላው ግምት ነው።

መድኃኒቱ ካሜራ ማብዛት ሳይሆን የእያንዳንዱን ሥራ መለየት ነው። አንዱ ሰፊ ሌንስ ያለው ሆኖ ግቢውን በሙሉ ይይ። ሌላው ጠባብ ሌንስ ያለው ሆኖ ሰው የግድ የሚያልፍበትን ቦታ ብቻ ይመልከት። ለምሳሌ 50 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ካሜራ ከበሩ 6 ሜትር ርቆ ቢሰቀል የሚያየው ስፋት 5.6 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለአንድ ሜትር 340 ያህል ነጥብ ይደርሳል፤ ይህም ለመለየት ከሚያስፈልገው በላይ ነው።

የከፍታም ነገር አለ። ብዙ ሠራተኞች ካሜራውን ሌባ እንዳይነካው ከጣራው ሥር ይሰቅሉታል። ከ4 ሜትር በላይ የተሰቀለ ካሜራ ግን ሰው ሲቀርበው ባርኔጣና የራስ ቅል እንጂ ፊት አያሳይም። ፊት ለማየት የታሰበው ካሜራ ከ2 ሜትር ተኩል እምብዛም ባይበልጥ ይሻላል፤ እርሱንም እንዳይነካ ሌላው ካሜራ ይጠብቀው።

2ኛ፤ የሌሊት ሥዕል ቀለም የማይታመን ስለ መሆኑ

ሲመሽ ካሜራው ለዓይን በማይታይ ብርሃን ይጠቀማል፤ ይህም ታሕተ ቀይ ጨረር ወይም ኢንፍራሬድ ይባላል። የሞገዱ ርዝመት ብዙውን ጊዜ 850 ናኖ ሜትር ነው። በዚህ ብርሃን የተነሣ ሥዕል ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ንጣቱም የሚመጣው ልብሱ ለዚያ ጨረር ካለው የመመለስ ችሎታ እንጂ በቀን ከሚታየው ቀለም አይደለም። ለዓይን ጥቁር የሆነ ብዙ ጨርቅ ይህን ጨረር አብዝቶ ስለሚመልስ በሌሊት ሥዕል ነጣ ብሎ ይታያል። ስለዚህ የሌባው ጃኬት ጥቁር፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ሊሆን ይችል ነበር። ይህንንም በዚያው ካሜራ ፊት የራሴን ጥቁር ጃኬት ለብሼ ቆሜ አረጋግጫለሁ፤ በሥዕሉ ላይ እንደ አመድ ነጥቶ ታይቷል።

ሌላው የሌሊት ችግር የሥዕል መደብዘዝ ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ለእያንዳንዱ ሥዕል ዓይኑን እስከ 1/25 ሰከንድ ድረስ ከፍቶ ይቆያል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ይህም ከፊቱ ስፋት ይበልጣል። ስለዚህ በበሩ ላይ አንድ ተራ አምፖል ማብራት አንዳንድ ጊዜ ውድ ካሜራ ከመግዛት የበለጠ ይጠቅማል። ደግሞም የሸረሪት ድርና የዝናብ ነጠብጣብ በካሜራው አጠገብ ጨረሩን እየመለሱ ሥዕሉን ያነጡታል፤ አቅራቢያው ያለ ነጭ ግድግዳና አዲስ ቆርቆሮም እንዲሁ ያደርጋል። ሌንሱን በየጊዜው በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ከጥገናው ሥራ አንዱ ነው።

3ኛ፤ ስለ ሰዓትና ስለ ቀን

ልጁን ከሁሉ የበለጠ የጐዳው ይህ ነው። በሥዕሉ ላይ የተጻፈው 03:20 በመቅጃው መሣሪያ አቈጣጠር ነው። ያ መሣሪያ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። እንግዲህ 03:20 ማለት በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ቤተ ሰቡ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ብሎ አነበበው። ከምሽቱ 3፡20 ቢሆን ኖሮ መሣሪያው 21:20 ብሎ ይጽፍ ነበር። ቀኑም ቢሆን በመሣሪያው ላይ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ተለውጧል፤ በእኛ ልማድ ግን ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ የዋለው ቀን ስለሆነ፣ ይልቁንም የፈረንጅ ቀን ስለሆነ፣ የቁጥሩን መለወጥ ማንም ልብ አላለም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ልጁ አብረውት ከሚኖሩት አራት ባልንጀሮቹ ጋር ተኝቶ እንደነበረ መሰከሩለት።

ስለዚህ ማንኛውም ሥዕል ለማስረጃ ከመቅረቡ በፊት ሰዓቱ በሁለቱም አቈጣጠር ተጽፎ ይያያዝ። የመሣሪያው ሰዓትም በየወሩ ከትክክለኛ ሰዓት ጋር ይመሳከር።

ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማስቀመጫ

አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ቢልክ በቀን 21.6 ጊጋ ባይት ይሞላል፤ 4 ካሜራ 86.4 ጊጋ ባይት ይሆናል። 1000 ጊጋ ባይት የሚይዝ ሀርድ ዲስክ 11 ቀን ተኩል ያህል ከቀዳ በኋላ የቀድሞውን እየደመሰሰ ይጽፋል። የቤቱ ባለቤት ለሁለት ሳምንት ወደ ገጠር ሄዶ ቢመለስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀን ተኩል ያህል የሆነውን ሊያገኝ አይችልም፤ ለእርሱ የሚበቃው 2000 ጊጋ ባይት ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውንም ማስላት ይገባል። እያንዳንዱ ካሜራ 5 ዋት፣ መቅጃው 15 ዋት፣ ራውተሩ 10 ዋት ቢወስዱ በጠቅላላው 45 ዋት ይሆናል። 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነው ትንሽ ባትሪ የሚይዘው 84 ዋት ሰዓት ስለሆነ በወረቀት ላይ እንኳ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሌሊቱን ሙሉ፣ ማለት 10 ሰዓት ለማቆየት 450 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢሠራበት 600 ዋት ሰዓት ስለሚሰጥ ይበቃል።

ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል?

ከኢንተርኔት ጋር የተያያዘ ካሜራ ራሱ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ሚራይ የተባለው ተንኰለኛ ፕሮግራም ከፋብሪካ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ያልተለወጠላቸውን ካሜራዎችና መቅጃዎች በብዛት እየያዘ በጥቅምት 21 ቀን (እ.ኤ.አ.) ዳይን የተባለውን ኩባንያ አጥቅቶ ብዙ የታወቁ ድረ ገጾች እንዳይከፈቱ አድርጓል። የካሜራዎቹ ባለቤቶች መሣሪያቸው እንዲህ ላለ ሥራ መዋሉን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን በተተከለበት ቀን መለወጥ፣ የተከለውም ሠራተኛ እንዳያውቀው ማድረግ የመጀመሪያ ግዴታ ነው።

ጎረቤትም መብት አለው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ስለ ሰዎች የሚሰበሰበውን መረጃ አያያዝ ይወስናል። በአውሮፓም አንድ የቼክ ሪፐብሊክ ነዋሪ የቤቱን መስኮት የሚሰብሩበትን ሰዎች ለማግኘት ካሜራ ሰቅሎ ሁለት ተጠርጣሪዎች ተገኙ፤ ነገር ግን ካሜራው መንገዱንና ፊት ለፊት ያለውን ቤት ጭምር ያይ ስለነበረ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንዲህ ያለው ካሜራ የባለቤቱ የግል ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ፈርዷል። ከዚህ የምንማረው ካሜራችንን ወደ ራሳችን በር ማዞር፣ የጎረቤትንም መስኮት በመሣሪያው መሸፈኛ ማጥቈር እንደሚገባ ነው።

የመመዘኛ ዘዴ

አንድ ቤት ካሜራውን ለመመዘን የሚከተሉትን አምስት ፈተናዎች ሊፈጽም ይችላል።

ሀ) አምስት የሚታወቁ ሰዎች በቀን፣ በማታና በሌሊት በየተራ በበሩ ይለፉ፤ ተራቸውን የማያውቅ ሌላ ሰው ከተቀዳው ሥዕል ብቻ እያንዳንዱን ይለይ። ከ15ቱ ስንቱን በትክክል እንደለየ ይጻፍ።

ለ) ትክክለኛ ሰዓት የሚያሳይ ስልክ በካሜራው ፊት ይያዝና ልዩነቱ ይመዝገብ።

ሐ) መብራቱ ከቈጣሪው ይጥፋና መሣሪያው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ሲመለስም በራሱ መቅዳት መጀመሩ ይታይ።

መ) ካሜራውን ያልተከለ የቤት ሰው ከሳምንት በፊት የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ሥዕል አውጥቶ ያሳይ።

ሠ) ለአንድ ሳምንት በስልክ የሚመጡት ማስጠንቀቂያዎች ይቈጠሩ፤ ከእነርሱም ስንቱ ሰው፣ ስንቱ ድመትና የዛፍ ቅርንጫፍ እንደሆነ ይለይ። ሐሰተኛው ከበዛ የቤቱ ሰው መስማት ስለሚተው እውነተኛውም ያመልጣል።

ካሜራ ወንጀልን ይቀንሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የወጣ የ40 ዓመት ጥናቶች ምርመራ ካሜራ በተሰቀለባቸው ቦታዎች ካልተሰቀለባቸው ጋር ሲነጻጸር ወንጀል 13 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ጥቅሙ ጐልቶ የታየው በመኪና ማቆሚያ ቦታዎች ነው፤ በድብደባና በመሰሉት ወንጀሎች ላይ ግን የጐላ ለውጥ አልታየም። ጥናቶቹ የተደረጉት በሕዝብ ቦታዎች ስለሆነ ለመኖሪያ ቤት በቀጥታ አይወሰዱም፤ ይሁን እንጂ ካሜራ ዘበኛን ያስቀራል ብሎ ተስፋ ለሚያደርግ ሰው መጠንቀቂያ ይሆኑታል። ካሜራ ያያል እንጂ አይነሣም፤ አይጮህም፤ ጎረቤትም አይጠራም።

መደምደሚያ

የዘመዴ ቤት ካሜራ ዛሬ በሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ግቢውን፣ አንዱ በሩን ያያል። በመቅጃው አጠገብም ሰዓቱን በሁለቱም አቈጣጠር የሚያሳይ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ወጣቱን ሽማግሌ ተልኮ ይቅርታ ተጠየቀ፤ ይቅርታውንም ሰጠ። ከሁለቱ ሥራዎች ግን የተመለሰለት አንዱ ብቻ ነው። ስፖኪዮዎቹን የወሰደው ሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚህ እንደምንረዳው የካሜራ ጥቅም የሚለካው ባሳየው ሳይሆን ባረጋገጠው ነው። በ57 ነጥብ የታየን ሰው በስሙ መጥራት የመሣሪያው ስሕተት አይደለም፤ የተመልካቹ ነው። ካሜራ የሚሰቅል ሁሉ መሣሪያው ምን ለማለት እንደሚችል አስቀድሞ ቢመዝን፣ ሊል የማይችለውንም ባይጨምርበት፣ ቤቱንም ሰውንም ይጠብቃል።