ሲአርፒ ከፍ ብሎ ሲገኝ ልባችን ታሟል ማለት ነው?

ዛሬ ቼክአፕ ያደረገ ብዙ ሰው ግራ ስለሚጋባበት ጉዳይ እናወራለን።

ከስኳርና ከኮሌስትሮል ውጤት ጋር አንዳንዴ «ሲአርፒ» የሚል ቁጥር በላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ ይመጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ አንዱ ልቤ አለቀ ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ሌላው ከፋርማሲ አስፒሪን ገዝቶ በየቀኑ መዋጥ ይጀምራል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ለምን እንደሆነ እንይ።

ብግነትና ልብን ምን አገናኛቸው?

ብዙዎቻችን የልብ ደም ሥር እንደ ውሃ ቧንቧ በስብ ቀስ እያለ የሚደፈን ይመስለናል። ነገሩ ግን ከዚያም ያልፋል። ኮሌስትሮል የደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ሲከማች ሰውነት ነጭ የደም ህዋሳትን ይልክበታል፤ ቦታው ይቆጣል። ብግነት የሚባለው ይሄ ነው። የተቆጣው ክምችት ሽፋኑ እየሳሳ ይሄድና አንድ ቀን ሊቀደድ ይችላል። ያኔ ሰውነታችን ቁስል ያገኘ ይመስለውና ደሙን እዚያው ላይ ያረጋዋል። የረጋው ደም መንገዱን ከዘጋው ሃርት አታክ ይከተላል፤ የተዘጋው የአንጎል ደም ሥር ከሆነ ደግሞ ስትሮክ።

ወረቀቱ ላይ ያሉት ስሞች ምንድን ናቸው?

1. ሲአርፒ፦ ሰውነት ሲቆጣ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1930 በሳንባ ምች ታማሚዎች ደም ውስጥ ነው። ለልብ የሚጠቅመው «ሃይ ሴንሲቲቪቲ» የሚባለው፣ ትንሹን መጠን እንኳ የሚለካው ዓይነት ነው። በእሱ ሲለካ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ስጋት ተብሎ ይነበባል። ከ10 ካለፈ ግን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብግነት ነው።

2. ፋይብሪኖጅን፦ ደም ሲረጋ መረቡ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። ሰውነት ሲቆጣ ይጨምራል፤ የሚያጨሱ ሰዎች ላይም ከፍ ይላል።

3. ዲ-ዳይመር፦ የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀር ስብርባሪ ነው። በዋናነት የሚታዘዘው በእግር ደም ሥር ወይም በሳንባ ውስጥ የረጋ ደም አለ ወይ የሚለውን ለማጣራት ነው። በእርግዝና፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እና ዕድሜ ሲገፋም ይጨምራል።

ጥናቶቹ ምን አሉ?

እ.ኤ.አ በ2008 «ጁፒተር» የተባለ ጥናት ውጤት ወጣ። 17,802 ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ኮሌስትሮላቸው ያን ያህል ከፍ አላለም፣ ሲአርፒያቸው ግን 2 እና ከዚያ በላይ ነበር። ሮሱቫስታቲን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ላይ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና መሰል አደጋዎች በ44 በመቶ ቀነሱ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? መድኃኒቱ ኮሌስትሮልንም ብግነትንም ስለሚቀንስ የትኛው እንደጠቀመ መለየት አልተቻለም።

መልሱ በ2017 መጣ። ከዚህ በፊት ሃርት አታክ የገጠማቸው ከ10,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት «ካንቶስ» በተባለ ጥናት፣ ኮሌስትሮልን ሳይነካ ብግነትን ብቻ የሚቀንስ መርፌ ተሞከረ። በ150 ሚሊግራም የተወጉት ላይ አደጋው በ15 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ስለዚህ ብግነቱ ራሱ ልብን እንደሚጎዳ ታወቀ። ነገር ግን መርፌውን ከወሰዱት መካከል በኢንፌክሽን የሞቱት በዝተው ተገኙ። ብግነት መከላከያችንም ነው እኮ!

ጭሱን ሳይሆን እሳቱን

ዋናው ነጥባችን እዚህ ላይ ነው። በዘራቸው ምክንያት ሲአርፒያቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በዚያ ምክንያት ብቻ የልብ ሕመም አይበዛባቸውም። ማለትም ሲአርፒ ጭስ ነው፤ እሳቱ ሌላ ቦታ ነው። ጭሱ ደግሞ ከየት እንደተነሳ አይናገርም። ጉንፋን፣ የድድ ሕመም፣ ቲቢ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ ሁሉም ያጨሱታል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ምርመራው የተለመደው ሲአርፒ ነው ወይስ ሃይ ሴንሲቲቪቲ? ብላችሁ ጠይቁ።
• ታማችሁ ከነበረ ካገገማችሁ በኋላ፣ ቢያንስ 2 ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙት።
• ውጤቱን ከደም ግፊት፣ ከስኳር፣ ከኮሌስትሮልና ከቤተሰብ ታሪክ ጋር አንድ ላይ ሐኪም ይይላችሁ። ሲአርፒ ዝቅ ማለቱም ብቻውን ነፃ አያወጣም፤ ግፊቱ ያልታከመ ሰው አሁንም አደጋ ላይ ነው።
• አስፒሪንን በራሳችሁ አትጀምሩ። ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ጨጓራና አንጎል ውስጥ መድማት ሊያስከትል ይችላል። ሐኪም ያዘዘላችሁ ደግሞ ሳታማክሩት አታቋርጡ።
• ሲጋራ ማቆም፣ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ክብደት መቀነስ፣ ግፊትን መቆጣጠር፦ እሳቱን የሚያጠፉት እነዚህ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ! ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ሲአርፒ ልለካ አትበሉ። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እዚያ የሚያስፈልገው ኢሲጂ እና ትሮፖኒን የተባለው የደም ምርመራ ነው።

ጽሑፉ ለግንዛቤ እንጂ የሐኪም ምክርን አይተካም። በራሱ ፈቃድ አስፒሪን የሚውጥ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።