ደህና ያደረ ፈረስ እግሩ ሲያዝ

ላሚናይቲስ በፈረስ፣ በበቅሎና በአህያ ሰኮና ውስጥ የሚነሣ ከባድ ብግነት ነው። የሰኮናውን ቅርፊት ከውስጠኛው አጥንት ጋር አጣብቆ የያዘው ስስ ሥጋ ይታመማል፣ ይላላል፣ ሲብስም ይለቃል። አመጣጡ ድንገተኛ ነው። ማታ በደህና ወደ ጋጣው የገባ፣ የቀረበለትን በልቶ የጠጣ ፈረስ ጠዋት ከቆመበት አልነቃነቅ ይላል። እግሩ ቢታይ ቁስል የለበትም፤ አላበጠም፣ እሾህም አልወጋውም። ምክንያቱ ስለማይታይ ምች መታው፣ የሰው ዓይን በላው ሲባል ብዙ ሰዓት ያልፋል። በሽታውን ለመግታት የሚቀለው ግን በእነዚያው ሰዓታት ነው።

ነገሩ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ቀላል ጉዳት አይደለም። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ አንሥቶ በላይና በታች ጋይንት፣ በእስቴ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው በስማዳም መኪና የማይደርስባቸው ቀበሌዎች ብዙ ናቸው። እህል ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያ ከገበያ፣ ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው በጋማ ከብት ጀርባ ነው። ባዝራ ደግሞ ከድንጉላ ፈረስ፣ ከአህያ በቅሎ ትወልዳለች፤ እሷ እግሯ ሲያዝ ቤቱ የሚጎዳው ለዓመታት ነው።

ሰኮና ከውጭ ሲያዩት ደረቅ ቀንድ ይመስላል፤ በውስጡ ግን የእግሩ የመጨረሻ አጥንት አለ። አጥንቱ ሰኮናው ወለል ላይ የተቀመጠ አይደለም፤ ዙሪያውን ከቅርፊቱ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል። ከአጥንቱ በኩልና ከቅርፊቱ በኩል የሚወጡ ስስ ቅጠሎች፣ ገጾቻቸው አንዱ በአንዱ መካከል እንደገቡ ሁለት መጻሕፍት ተሰካክተው ይይዙታል። በአንድ ሰኮና ውስጥ ከ550 እስከ 600 የሚደርሱ ዋና ቅጠሎች አሉ፤ ከእያንዳንዱም ላይ ከ100 የሚበልጡ ጥቃቅን ቅጠሎች ይወጣሉ። ይህ ማያያዣ ሲላላ የእንስሳው ክብደት አጥንቱን ከላይ ይጫነዋል፣ ከበስተኋላ ያለው ወፍራም ጅማትም ይስበዋል። አጥንቱ ጫፉን ወደ ወለሉ ደፍቶ ይዞራል፤ አለዚያም እንዳለ ይሰምጣል። ቅርፊቱ ስለማይለጠጥ በውስጡ ያለው እብጠት መውጫ የለውም፤ ሕመሙን እንዲያ የሚያከብደውም ይኸው ነው። ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት የፊት እግሮች ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያዙት እነሱ ናቸው።

በሽታውን ያለ ምክንያት የመጣ የሚያስመስለው ምክንያቱና ሕመሙ በአንድ ቀን አለመዋላቸው ነው። ብዙ እህል ባንድ ጊዜ የበላ ፈረስ የሚያነክሰው ከአንድ ቀን ተኩል ግድም በኋላ ነው። ባለቤቱ ትናንት ማታ የሆነውን ሲያስብ፣ ጥፋቱ የተፈጸመው ከትናንት በስቲያ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር በአውድማ ላይ ከበሬ ጋር የሚያበራይ ፈረስ ወይም በቅሎ ቀኑን ሙሉ ከእግሩ ሥር ገብስና ስንዴ ሲለቅም ይውላል። ሌሊት ገመዱን በጥሶ ከምርቱ ክምር ላይ ሲበላ የሚያድርም አለ። ምክንያቱ ጓሮ የተሰጣ ብቅል ወይም ከጠላ የቀረ አተላ በገንዳ ሙሉ ሊሆንም ይችላል። የፈረስ ጨጓራና ቀጭን አንጀት ይህን ያህል እህል አይፈጩም። ያልተፈጨው ወደ ትልቁ አንጀት ያልፍና በዚያ ያሉ ተሕዋስያን ያፈሉታል፤ አሲድ ይበዛል፣ የአንጀቱ ሽፋን ይጎዳል፣ መርዙ ወደ ደም ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚታመመው ሰኮናው ነው። ጥንታውያን ግሪኮችም ገብስ ያበዛ ፈረስ እንደሚታመም ጽፈዋል።

መርዝ ወደ ደም የሚገባው ከእህል ብቻ አይደለም። ብርቱ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠትና የሳንባ ምች ከቀናት በኋላ ሰኮና ላይ ሊወርዱ ይችላሉ። በተለይ መታወቅ ያለበት የባዝራ ጉዳይ ነው። ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጁ በ3 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ላም ላይ እንደሚደረገው ነገ ይወጣል ብሎ ማሳደር ማሕፀኗንም እግሮቿንም ያሳጣል። በደረቅና ጠንካራ መንገድ ላይ ያለ ልማድ ረጅም መንገድ መጋለብም ሰኮናን ይጎዳል።

ሌላው መንገድ ደግሞ አንዱ እግር ሲሰበር ወይም ክፉኛ ሲቆስል ደህነኛው እግር ሸክሙን ለብቻው ሲሸከም ነው። ባርባሮ የተባለው አሜሪካዊ የውድድር ፈረስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2006 ቀኝ የኋላ እግሩ በሩጫ ላይ ተሰበረ። ስብራቱ በቀዶ ሕክምና ተጠግኖ ሳለ ግራው የኋላ እግር በላሚናይቲስ ተያዘ፤ ኋላም የፊት እግሮቹ ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ከሥቃይ እንዲያርፍ ተደረገ። በታላላቅ ሐኪሞች እጅ የነበረ ፈረስ ከዚህ አልዳነም፤ እግሩ የቆሰለ ፈረስ ሲታከም ደህነኛውን እግር በየቀኑ መዳሰስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ፍጹም ጤነኛ በሚመስል ፈረስ ላይ የሚደርሰውን የሚያብራራው ግን በይበልጥ ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባ፣ ሆርሞን የሚባል የሰውነት ቅመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ጤነኛ ድንክ ፈረሶች በደም ሥራቸው ያለማቋረጥ ብዙ ኢንሱሊን ሲሰጣቸው በ3 ቀን ውስጥ ላሚናይቲስ ይዟቸዋል። አንጀታቸው ግን አልታመመም። በፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናትም ወደ ሕክምና ከመጡት የላሚናይቲስ ታማሚዎች ከ10 ዘጠኙ ያህል የዚህ ዓይነት የቅመም መዛባት እንዳለባቸው አሳይቷል። በጋይንት ዳገት ላይ ጭነት ሲያመላልስ የሚውል ከሲታ ፈረስ ላይ ይህ የመድረሱ ዕድል አነስተኛ ነው። የሚያሠጋው ለጥምቀት ጉግስና ለሠርግ ተብሎ ለወራት ገብስ እየተቀለበ፣ ሥራ ሳይነካ የሚቆመው ሰንጋ ፈረስ ነው። ጋማው ሥር ያበጠ ወፍራም አንገት፣ ክብ ዳሌ፣ በጣት ሲጫኑ የማይገኝ ጎድን እንደ ውበት ይቆጠራል። እነዚህ ግን ኢንሱሊኑ ከልክ ማለፉን የሚጠቁሙ ምልክቶች ናቸው፤ የመንደሩ ቆንጆ ፈረስ ለዚህ በሽታ ከሁሉ የቀረበው ሊሆን ይችላል። ያረጀና ክረምት ከበጋ ረጅም ጠጉሩን የማይጥል ፈረስም በሌላ የዕጢ ሕመም ምክንያት ይጋለጣል።

ሣርም የራሱ ድርሻ አለው። በደጋው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጠራራ ነው። ሣሩ በፀሐይ ስኳር ይሠራል፤ ብርዱ ግን እንዳያድግ ስለሚይዘው ስኳሩ በአገዳው ይከማቻል። ውርጭ ባደረበት መስክ ላይ ጠዋት የተለቀቀ ወፍራም ፈረስ በአረንጓዴው ሣር ውስጥ ከእህል የማይተናነስ ስኳር ይበላል።

የበሽታው የመጀመሪያ ምልክት በቀላሉ ያመልጣል። ፈረሱ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያቀያየረ ይቆማል። ሲሄድ ርምጃው ያጥራል፤ ለስላሳ መሬት ላይ ደህና ሆኖ ጭንጫ ላይ ሲደርስ ያመነታል፤ ሲያዞሩት ይብስበታል። ሲከብድ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የኋላዎቹን ከሆዱ ሥር አስገብቶ፣ ተረከዙ ላይ ተደግፎ ይቆማል። አንዱን እግር ለማንሣት አይፈቅድም፤ ያንን ካነሣ ሸክሙ ሁሉ በሌላው ላይ ይወድቃልና።

ይበልጥ የሚያረጋግጠው የደም ሥሩ ትርታ ነው። ከቁርጭምጭሚቱ በስተኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ጣት አሳርፎ ሲፈልጉ ገመድ የመሰለ፣ ከጣት ሥር የሚንሸራተት ነገር ይገኛል። በጤነኛ ፈረስ እዚያ ላይ ያለው ትርታ ደካማ ነው፤ ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። ላሚናይቲስ የያዘው ግን ጣት እንዳረፈ ይመታል። ሰኮናውም ይሞቃል፤ ሆኖም የሰኮና ሙቀት በደህናም ቀን ስለሚለዋወጥ እሱን ብቻ ማመን አይቻልም። አራቱንም እግር ዳስሶ ማነጻጸር ይገባል። ፈረሱ ጤነኛ ሳለ ደጋግሞ የዳሰሰው ባለቤት ለውጡን በአንድ አፍታ ያውቀዋል።

ከሌሎች ሕመሞች ጋር መምታታቱ አይቀርም። በአንድ እግር ብቻ በድንገት ክፉኛ ያነከሰ ፈረስ ብዙ ጊዜ ሰኮናው ውስጥ መግል ቋጥሯል። መንጋጋው ተቆልፎ፣ ጆሮው ቆሞ እንደ እንጨት የደረቀው ቴታነስ ሊሆን ይችላል። ከሥራ በኋላ ጡንቻው ድንጋይ ሆኖ ሽንቱ የጠቆረው ደግሞ ሕመሙ የጡንቻ ነው። ላብና መተኛት ሲታይ የሆድ ቁርጠት ይመስላል፤ ትርታውን መዳሰስ እዚህም ይለያል።

ጥርጣሬው እንደተነሣ ሥራ ይቆማል፣ እህል ይነሣል፣ ሰው ወደ እንስሳት ሐኪም ይላካል። ፈረሱ ካለበት አይንቀሳቀስም። ሕመሙን የሚያቀለው የሚቆምበት መሬት ነው፤ ከወንዝ የመጣ አሸዋ ወይም ፍሬ የሌለው ጭድ በወፍራሙ ይነጠፍለታል። አሸዋ ከሁሉ ይሻላል፤ ወደ ሰኮናው ሥር ገብቶ ወለሉን ይደግፋል፣ ሸክሙንም ከጫፉ ቅርፊት ላይ ይቀንሳል። አሸዋ ካልተገኘ ወፍራም ፎም ወይም የታጠፈ ጨርቅ ከሰኮናው ሥር በጠበቀ ማሰሪያ ይታሰራል። ቢተኛ አይነሣ፤ መተኛቱ እረፍቱ ነው።

ቅዝቃዜም መድኃኒት ነው። በምርምር የተፈተነው እግሩን ከጉልበት ዝቅ ብሎ ባለው አጥንት አጋማሽ ድረስ በበረዶ ውሃ ውስጥ ሳያቋርጡ ከ2 እስከ 3 ቀን ማቆየት ነው። ይህም የሚሠራው ከሁሉ ይልቅ ቀድሞ ሲጀመር፣ ማለትም ፈረሱ ብዙ እህል መብላቱ ታውቆ ገና ሳያነክስ ነው። በጋይንት ደጋ በረዶ ማከማቸት አይቻልም፤ የሌሊት ምንጭ ውሃ ግን አለ። የበረዶውን ያህል ባይሆንም፣ በጆንያ እግሩን ጠቅልሎ ቀዝቃዛ ውሃ በየጊዜው ማፍሰስ ከምንም ይሻላል። ውሃው ወደ ፈረሱ ይምጣ፤ ፈረሱ ወደ ወንዝ መነዳት የለበትም።

የታመመ እግር ይፍታታ ብሎ ማስኬድ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ እያንዳንዱ ርምጃ የላላውን ማያያዣ ይቀደዋል። በጋለ ብረት መተኮስና ደም ማፍሰስም ሰኮና ውስጥ ያለውን አይነኩትም፤ ቀድሞውኑ በከባድ ሕመም ላይ ባለ እንስሳ ላይ ሌላ ሕመም ይጨምሩበታል። በጠርሙስ አስገድዶ መድኃኒት ማጠጣት ፈሳሹን ሳንባ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ሐኪም እንደ ፌኒልቡታዞን ወይም ፍሉኒክሲን ያለ ማስታገሻ ይሰጣል፤ ፈረሱ ካልጠጣና ካልበላ እነዚህም ኩላሊትንና ጨጓራን ስለሚጎዱ መጠኑን የሚወስነው እሱ ነው። ኮርቲዞን የሚባለው የመድኃኒት ዘር ግን በዚህ በሽታ ይወገዳል። ከሰው ፋርማሲ የተገዛ ዲክሎፌናክ ለእንስሳ መስጠት ሌላ ጥፋት አለበት፤ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል በዚህ መድኃኒት የታከሙ ከብቶችን ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሣዎች በገፍ አልቀዋል።

አህያ ሕመሟን ስለምትደብቅ ቀርፋፋ ሆነች ተብሎ ይታለፋል። መብላት ያቆመች ወፍራም አህያ የሰውነቷ ስብ ወደ ደም ተለቅቆ ልትሞት ስለምትችል ለማክሳት ተብሎ ፈጽሞ ማስራብ አይገባም።

አጣዳፊው ሕመም ካለፈ በኋላ መኖው ድርቆሽ ነው፤ 250 ኪሎ የሚመዝን ወፍራም ፈረስ በቀን ወደ 4 ኪሎ ይበቃዋል። ድርቆሹን ለአንድ ሰዓት ያህል በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ውሃውን መድፋት ከስኳሩ ጥቂቱን ይቀንሳል። የሰኮናው ጫፍ በባለሙያ እጅ ይቆረጣል፤ ረጅም ጫፍ በእያንዳንዱ ርምጃ የላላውን ግድግዳ ይጎትታል። ሰኮና በወር ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ስለሚያድግ ከፊት በኩል ሙሉ በሙሉ ለመተካት 9 ወር እስከ ዓመት ይፈጃል። ጭነት የሚመለሰውም በዚያ ልክ በዝግታ ነው። ገበያ ላይ ፈረስ የሚገዛ ሰው ሰኮናው ላይ ከፊት ጠበው ተረከዙ ጋ የሚሰፉ ቀለበቶችን ካየ በሽታው ቀደም ሲል እንደያዘው ይወቅ።

ጠጉርና ሰኮና በሚገናኙበት ቦታ ጎድጎድ ካለ አጥንቱ ሰምጧል፤ በሰኮናው ወለል ላይ የአጥንቱ ቅርጽ ወጥቶ ከታየ ወይም ወለሉን ከበሳ ተስፋው የመነመነ ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ በየመንገዱ ጥሎ ለጅብ መተው ጭካኔ ነው፤ ሐኪም ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፈው ማድረግ ይገባል።

የዳነ ፈረስ ደግሞ እንደገና መያዙ ቅርብ ነው። ለእሱ ቢቻል የአውድማ ሥራ ይቅር፤ ካልተቻለ ሲያበራይ አፉ ላይ ትንፋሽ የሚያስገባ መሸፈኛ ይታሰርለት። ሌሊት ምርቱና ብቅሉ ባለበት ግቢ አይደር፤ ውርጭ ባደረ መስክ ላይም ፀሐይ ሳይበረታ አይለቀቅ። ገብስ የግድ ከሆነ መጠኑ ጥቂት፣ ጊዜው በቀን ሁለትና ሦስት ተከፍሎ ይሁን፤ መኖውም ከሣር ወደ እህል ሲለወጥ ቢያንስ በሳምንት ቀስ እያለ ይለወጥ።