የመዝገቡ ንባብና ትርጓሜ

ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያቆለቁለው አገር ላይ የተቀመጠችው የጁቤ፣ የባሶ ሊበን ወረዳ ርእሰ ከተማ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ በሚሻገረው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ የታወቀው የባሶ ገበያ አገር ስለነበረች፣ የውጭ አገር መንገደኞች ሳይቀሩ ስለ ገበያዋ ጽፈውላታል፤ በእርሷና በዙሪያዋ፣ እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ ድረስ፣ ስላሉት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን፣ የፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን ከሚሰማው ወቀሳ በቀር፣ ተገቢውን ክብር የሰጠ ጽሑፍ እምብዛም አላየሁም።

ትምህርት ቤቱ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የነበረው፣ በአዲሱ ሥርዓት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ሆኗል። እኔ አንባቢን ላስተዋውቀው የምወደው በዚያ ቤት ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የተናቀውን፣ መምህራን ሮስተር የሚሉትን ሰፊ መዝገብ ነው። ስም ጠሪው መምህር፣ ካርድ ከሚታደልበት ከሰኔ 30 አስቀድሞ፣ በማስመሪያ እያሰመረ በግራ በኩል የተማሪውን ስም ከነአባቱ፣ ቀጥሎ ጾታውንና ዕድሜውን፣ ከዚያ የየትምህርቱን ማርክ፣ በመጨረሻም ድምሩን፣ አማካዩንና ደረጃውን ያሰፍርበታል፤ በመካከል የቀረ ልጅ ሲኖርም በባዶዎቹ ሳጥኖች ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ መስመር ያሰምርና «አቋረጠ» ወይም «አቋረጠች» ብሎ ይጽፍበታል።

አብዛኛው ሰው፣ የጽሕፈት ቤት ሹማምንትም ጭምር፣ ይህን መዝገብ በቀኝ ዳሩ ብቻ ያነበዋል፤ አማካዩን አይቶ አንዱን ትምህርት ቤት ጎበዝ፣ ሌላውን ሰነፍ ይላል። በቢቸና አቅራቢያ በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ዘርግተው ለኖሩት ሊቃውንት፣ ንባቡን ብቻ ይዞ ትርጓሜውን ሳይሰማ የሚፈርድ ሰው ምን ያህል ድፍረት እንደፈጸመ መንገር አያሻም፤ የማርኩም ትርጓሜ በግራ በኩል፣ በጾታውና በዕድሜው፣ ደግሞም በዚያ በቀዩ መስመር ተጽፎ ይገኛል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በአንድ ትምህርት ቤት 100 ልጆች 1ኛ ክፍል ተመዘገቡ እንበል፤ በከብት ጥበቃ፣ በአጨዳ፣ በጋብቻና በችጋር እየተንጠባጠቡ 40ው ብቻ 6ኛ ክፍል ደርሰው ለክልሉ ፈተና ቢቀመጡና 36ቱ ቢያልፉ፣ ትምህርት ቤቱ 90 በመቶ አሳለፈ ተብሎ ይመሰገናል። ሌላው ትምህርት ቤት ደግሞ፣ መምህራኑ ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጅን እየለመኑ ከተመዘገቡት 100 ልጆች 80ውን ለፈተና ቢያደርሱና 56ቱ ቢያልፉ፣ ውጤቱ 70 በመቶ ነውና ይወቀሳል። አንደኛው 36 ልጅ፣ ሁለተኛው 56 ልጅ ለፍሬ አብቅቶ ሳለ ምስጋናው ለአንደኛው የሚሰጠው፣ መቶኛው ሲሰላ የሚካፈለው ለፈተና ለተቀመጡት ብቻ በመሆኑ ነው፤ ያቋረጠው ልጅ ከወንበሩ እንደጠፋ ሁሉ ከሒሳቡም ይጠፋል። ከዚህም የከፋው፣ ደካማውን ልጅ ፍለጋ ያልሄደ ርእሰ መምህር፣ ከሄደው ይልቅ ውጤቱ አምሮለት መታየቱ ነው፤ እንዲህ ያለውን አቈጣጠር ይዘው ሽልማት የሚያድሉ ሰዎች፣ ምን ዓይነት ሥራ እየሸለሙ እንደሆነ ቆም ብለው ቢመረምሩ ይገባቸዋል።

ጾታውንም በሚመለከት፣ የገጠር ትምህርት ቤት ሲባል ሴቶች ያነሱበት ቤት አድርጎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን በአማራ ክልል በአንደኛ ደረጃ የሴቶቹ ተሳትፎ ከወንዶቹ ጋር የተካከለበት፣ እንዲያውም የበለጠበት ዓመት አለ። ምክንያቱን፣ ጤፍ በሚታጨድበት በኅዳር ወር ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ፣ የ3ኛ ክፍል ስም ጠሪ የሆኑትን መምህርት «ወንዶቹ የት ሄዱ?» ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ በግልጽ ተረድቼዋለሁ።

«ጋሼ፣ ከብት ላይ ናቸው» አሉኝና የስም መጥሪያውን ገልጠው ሁለት ተከታታይ ስሞች አሳዩኝ። «እነዚህ ወንድማማቾች ናቸው፤ ተራ ይገባሉ። ዛሬ ታላቁ ከመጣ ነገ ታናሹ ነው።»

በእውነትም በአንደኛው ስም ፊት የቀሪ ምልክት ባለበት ዕለት ሁሉ በሌላው ፊት የለም፤ ሁለቱ አንድ ላይ የተገኙበት ቀን ጥቂት ነበር። የሴቶቹ ቀይ መስመር ግን የሚመጣው ዘግይቶ፣ በላይኞቹ ክፍሎች፣ በተለይም በጥር የሠርግ ወራት ነው፤ ሕጉ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዳትዳር ቢከለክልም፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ከአገሩ ገና አልጠፋም። እንግዲህ በ2ኛ ክፍል ያለውን የሴቶች ብዛት አይቶ ደስ ያለው ሰው፣ ደስታውን እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ መከታተል አለበት።

ስለ ንባብ ችሎታ ባጭሩ ልናገር። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ የሚያህሉት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል ከነሰባት ዘሩ፣ 231 መልክ፣ ለይቶ ማወቅ ለሕፃን ቀላል ሥራ አይደለም፤ በየኔታ ፊት መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ፣ ዳዊት ደግሞ የመጣው ልጅና ፊደልን መጀመሪያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያየው ልጅ በአንድ ክፍል ሲቀመጡ፣ የሁለቱ ማርክ የአንድ መምህር ሥራ ተደርጎ ሊነበብ አይችልም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ በ7 ዓመቱ መግባት የነበረበት ልጅ በ10 ወይም በ11 ዓመቱ 1ኛ ክፍል ይገባል፣ ከታናሽ እኅቱም ጋር ባንድ ወንበር ይቀመጣል። ከእንግዲህ ወዲህ በሮስተሩ ላይ ከዕድሜው ዓምድ ይልቅ የሚፈለግ አይኖርም፤ እርሱን ግን ብዙ ስም ጠሪዎች፣ የልጁን ቁመት በዓይናቸው ለክተው፣ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር እየደገሙ ይጽፉታል። እባካችሁ፣ በመስከረም ምዝገባ ላይ እናቱን ጠይቋት፤ ቀኑ ቢጠፋባት የክርስትና አባቱ ዓመቱን አይስተውም፣ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉና ልደቱ ከዚያ ወደ ኋላ ተቈጥሮ ይገኛል።