አቋራጩ ለየትኛው ጣት ይሠራ?

አዲስ ኮምፒውተር ከካርቶኑ ወጥቶ ሲበራ፣ ባለቤቱ ገና ምንም ሳይነካ የተወሰነለት ብዙ ነገር አለ። ኮንትሮልና ሲ አብረው ሲጫኑ ኮፒ ያደርጋሉ፣ አልትና ታብ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ያሻግራሉ፣ አልትና ኤፍ 4 የተከፈተውን ይዘጋሉ። ሾርትከት የምንላቸውን እነዚህን አቋራጮች ተጠቃሚው አልመረጣቸውም። ቀድመው የወሰኑለት ዊንዶውስን፣ ማክን፣ ወይም ሊኑክስ ላይ የሚሠሩትን ግኖምና ኬዲኢን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ናቸው። ከነዚህ አንዱ ይቀየር በተባለ ቁጥር በባለሙያዎቹ መካከል ከባድ ክርክር ይነሳል። ከውጭ ለሚያይ ሰው የሁለት ቁልፍ ጉዳይ ይህን ያህል ማነጋገሩ ሊገርመው ይችላል፤ ነገር ግን የሚሊዮኖች እጅ ሳያስብ በየቀኑ የሚደጋግመው እንቅስቃሴ የሚወሰነው እዚያ ነው። በእኔ እምነት ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከተሳሳተ ጥያቄ ነው። አቋራጩ ለሚያውቀው ሰው ስንት ሰከንድ ያተርፍለታል ይባላል። ከዚያ በፊት ግን ሳያስበው የነካው ሰው ምን ያጣል ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ስሙ ከሁሉም የገነነው ኮንትሮል፣ አልትና ዴሊት ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ ያቀረበውን የግል ኮምፒውተር ቦካ ራቶን፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ዴቪድ ብራድሊ ይባላል። ፕሮግራም ሲሞከር ማሽኑ በቆመ ቁጥር ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ማብራት ጊዜ ስለሚፈጅ፣ በቁልፍ ብቻ ሪስታርት የሚያደርግ መንገድ አበጀ። መጀመሪያ የመረጠው ኮንትሮል፣ አልትና ኤስኬፕን ነበር። ሦስቱም በኪቦርዱ ግራ በኩል ስለነበሩ አንድ እጅ ሳያስበው አብሮ ሊጫናቸው ይችላል። ስለዚህ ኤስኬፕ ቀረና በሌላው ጫፍ ያለው ዴሊት ተተካ፤ ሁለት እጆች ካልተባበሩ በቀር በዚያ ኪቦርድ ላይ ጥምረቱን መጫን አስቸጋሪ ሆነ። አስቸጋሪነቱ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ያልተቀመጠን ሥራ በቅጽበት የሚያጠፋ ትእዛዝ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነበረበት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ይህንኑ ጥምረት ለመግቢያ አዋለው፤ ቢል ጌትስም ከዓመታት በኋላ፣ በ2013፣ ይህ ስህተት እንደነበር በአደባባይ ተናግሯል። የጌትስ አስተያየት ግን የብራድሊን ምርጫ አያፈርሰውም። ለአደገኛ ትእዛዝ የተሠራ መከልከያ ተጠቃሚው በየጠዋቱ ለሚፈጽመው ሰላማዊ ሥራ ሲውል ሸክም ይሆናል፤ በራሱ ቦታ ግን ትክክል ነበር።

ሊኑክስ ላይ የተነሳው ክርክር ከዚህ ይብሳል። ለብዙ ዓመታት ኮንትሮል፣ አልትና ባክስፔስ አብረው ከተጫኑ የስክሪኑን ሥዕላዊ ክፍል የሚያስተዳድረው ኤክስ የተባለው ሥርዓት ወዲያው ይቋረጥ ነበር። ማስጠንቀቂያ የለም፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የተከፈተው ሰነድ፣ በግማሽ የተጻፈው ደብዳቤ፣ ሁሉም ይጠፋል። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2009 ባወጣው 9.04 እትም ይህ አቋራጭ ከመጀመሪያው እንዲጠፋ ተደረገ፤ የሚፈልገው ሰው መልሶ ሊያበራው ይችላል። ተቃውሞው ጠንካራ ነበር፣ ምክንያትም ነበረው፤ ስክሪኑ ደርቆ አይጡም ሲቆም የመጨረሻው መውጫ ይኸው ጥምረት ነበር። ቢሆንም መውጫ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው፣ ባክስፔስ ግን በየደቂቃው የሚነካ ቁልፍ ነው። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት፣ ኦፕን ሱሴ፣ የመረጠው መንገድ በእኔ ግምት የተሻለው ነበር፤ አንዴ ሲጫን ያስጠነቅቃል፣ ወዲያው ሲደገም ብቻ ያቋርጣል። መውጫው ክፍት እንደሆነ ይቀራል፣ በስህተት የገባ ጣት ግን አንድ ተጨማሪ ዕድል ያገኛል።

ይኸው ባክስፔስ ብሮውዘር ውስጥም ሌላ ጉዳት አስከትሏል። አንድ ሰው ረጅም የማመልከቻ ቅጽ እየሞላ ነው እንበል። ስም፣ አድራሻ፣ የትምህርት ማስረጃ ሞልቶ አንድ ፊደል ለማጥፋት ባክስፔስን ይጫናል። ጠቋሚው ግን ከጽሑፍ ሳጥኑ ወጥቷል፣ ሰውየውም አላስተዋለም። ብሮውዘሩ ወደ ኋለኛው ገጽ ይመለሳል፣ የሞላውም ይሰረዛል። ጉግል በ2016 ክሮም ላይ ይህን አሠራር ሲያስቀር፣ በባክስፔስ ወደ ኋላ የሚመለሰው ከገጽ እይታዎች ሁሉ 0.04 በመቶው ብቻ እንደሆነ ገንቢዎቹ ገልጸዋል። አሠራሩን የለመዱ ሰዎች ቢቆጡም ኩባንያው ባዶ እጃቸውን አልተዋቸውም፤ ባክስፔስ ሲጫን በምትኩ አልትና የግራ ቀስትን እንዲጠቀሙ የሚነግር መልእክት ስክሪኑ ላይ ይወጣ ነበር። ፋየርፎክስም በ2021፣ በ87ኛው እትሙ፣ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። የለመደው ሰው ያጣው የአንድ ሳምንት ልምምድ ነው፤ ያልለመደው ሰው ያጣ የነበረው የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። እነዚህ ሁለቱ እኩል አይመዘኑም።

የቁልፎች መቀራረብም እንዲሁ ያሳስታል። ሊኑክስ ላይ በፋየርፎክስ ኮንትሮልና ደብሊው አንዱን ታብ ይዘጋሉ፣ ኮንትሮልና ኪው ደግሞ ፕሮግራሙን እንዳለ። በተለመደው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ኪው ከደብሊው በስተግራ ተጣብቆ የተቀመጠ ቁልፍ ነው። ትንሿ ጣት ኮንትሮልን ይዛ ሌላዋ ጣት አንድ ቁልፍ ወደ ግራ ብትስት፣ ሊዘጋ የታሰበው አንድ ታብ መሆኑ ቀርቶ የተከፈተው ሁሉ ይዘጋል። እዚህ ላይ ግን አቋራጩን ማጥፋት ብቸኛው መፍትሔ አይደለም። ከመዝጋቱ በፊት የሚጠይቅ መልእክት አለ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ የተዘጋውን ታብ መልሰው ይከፍታሉ። ማስተካከል የሚቻል ስህተት ትንሽ ስህተት ነው፣ ስለዚህ መመለሻ ያለው አቋራጭ ከቅርብ ቢቀመጥ አይከፋም።

ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ተቃውሞ፣ ያልወደደው ሰው ከሴቲንግ ገብቶ ይቀይረው የሚል ነው። ይህ ክርክር የሚሠራው ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በስህተት ቁልፍ ነክቶ ስክሪኑ የተለወጠበት ሰው የትኛውን ቁልፍ እንደነካ አያውቅም፤ ስሙን የማያውቀውን ነገር ሴቲንግ ውስጥ የት ብሎ ይፈልገው? በተጨማሪም ብዙ ኮምፒውተር የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት ላብራቶሪ፣ በኢንተርኔት ካፌ፣ በመሥሪያ ቤት አንዱ ተነስቶ ሌላው ይቀመጣል። በስልክ እርዳታ የሚሰጥ ሰውም፣ ኮንትሮልና ዜድን ተጫኝ ሲል በዚያኛው ጫፍ ያለው ኮምፒውተር እሱ እንደሚያውቀው መሆኑን ተማምኖ ነው። ዲፎልቱ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ተወስኖ የሚመጣው አሠራር፣ ሁሉም የሚጋራው መነሻ ስለሆነ በግል ማስተካከያ አይተካም።

ከልማድ የሚነሳው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፣ ልቀበለውም እወዳለሁ። ጉዳት የማያመጣ አቋራጭ ለውበት ወይም ለወጥነት ተብሎ ሊነቀል አይገባም። አይቢኤም በ1987 ባወጣው ደንብ ኮፒ በኮንትሮልና ኢንሰርት፣ ፔስት ደግሞ በሺፍትና ኢንሰርት ነበር። ዊንዶውስ በ1992፣ በ3.1 እትሙ፣ አፕል ማኪንቶሽ ላይ ያስለመዳቸውን የኤክስ፣ የሲና የቪ ፊደላት ከኮንትሮል ጋር ሲቀበል አሮጌዎቹን አልሰረዛቸውም፤ ዛሬም ይሠራሉ። ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ተርሚናል ላይ ግን ኮንትሮልና ሲ የሚሄደውን ፕሮግራም ያቋርጣሉ፣ ለዚህ ነው ሊኑክስ ላይ ኮፒ ለማድረግ ሺፍት የሚጨመረው። ዊንዶውስ ተርሚናል ጽሑፍ ከተመረጠ ኮፒ፣ ካልተመረጠ ማቋረጥ ብሎ ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ቁልፍ አዋህዷቸዋል። ምቹ ነው። ሆኖም የተመረጠው ጽሑፍ ሳይታወቅ ከተለቀቀ፣ ኮፒ አደርጋለሁ ያለው ሰው ለሰዓታት የሄደን ሥራ ያቋርጣል። በያዝነው ሚዛን ሺፍት መጨመሩ ይሻላል።

በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው በቀን ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ የሚጫነው አቋራጭ ኪቦርዱን የሚለውጠው ነው፤ ክርክሮቹ ሲካሄዱ ግን በአንድ ፊደል ብቻ በሚጽፉ ሰዎች ዘንድ ይህ ቶሎ ይረሳል። አፕል በ2005፣ ታይገር በተባለው የማክ እትሙ፣ ኮማንድና ስፔስን ለስፖትላይት መፈለጊያ ሲሰጥ፣ ያ ጥምረት ለብዙዎች የቋንቋ መለወጫ ነበር። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ቋንቋ የሚለውጡት አልትና ሺፍት በግራ ጥግ ተቀራርበው ስለሚገኙ ሳይታሰብ ይነካሉ። ዓይኑን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ቀና ሲል መስመሩ ሁሉ በላቲን ፊደል ተጽፎ ያገኘዋል። ዊንዶውስ 8 በ2012 ያመጣው የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ቋንቋዎቹን በዝርዝር እያሳየ ያስመርጣል፤ ግኖምም ይህንኑ ጥምረት ይጠቀማል። ይህ እያለ ግን አልትና ሺፍትም ዊንዶውስ ላይ አብሮ እየሠራ ቀጥሏል። የባክስፔስን መመለሻ በአልትና ቀስት የተኩ ገንቢዎች እንዳደረጉት፣ አልትና ሺፍትም ከመጀመሪያው ጠፍቶ እንዲመጣ፣ የሚፈልገው ሰው መልሶ እንዲያበራው መጠየቅ በሁለት ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ተገቢ ጥያቄ ነው።