ስም ላይ የምትለጠፈው «ኤስ»

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣችና፣ «አያቴ፣ ‹ሺ ኢዝ› ሲያጥር ‹ሺስ› ይሆናል። ‹ማዘር ኢዝ›ንም ‹ማዘርስ› ማለት ይቻላል?» ስትል ጠየቀችኝ። «ይቻላል፤ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል» አልኳት። ይህን የምለው በሥራ ላይ ስለደረሰብኝ ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን የሕክምና ካርድ በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ሌሊት በማዋለጃ ክፍል ተረኛ ሆኜ ስገባ ባልደረባዬ አልነበረችም። በአንዲት ወላድ ካርድ ላይ ግን «ዘ ፔሸንትስ ብሊዲንግ» የሚል ጽሑፍ ትታለች። እኔ «የታካሚዋ ደም መፍሰስ...» ብዬ አነበብኩትና ሳይጨርሱት የቀረ ዓረፍተ ነገር መሰለኝ። ስትመለስ እጠይቃታለሁ ብዬ የሌሎቹን መድኃኒት ማደል ጀመርኩ። ለካስ «ታካሚዋ እየደማች ነው» ብላ ጽፋ ሐኪም ልትጠራ ሮጣ ኖሯል! አልጋዋ ጋ ስደርስ አንሶላው በደም ርሷል። ማሕፀኗን እያሸሁ ቆየሁ፤ ሐኪሙ ደርሶ ኦክሲቶሲን ታዘዘላት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። እነዚያን ደቂቃዎች ግን እስከ ዛሬ አልረሳቸውም።

ለልጅቷ እንዲህ አስረዳኋት። ከስም በኋላ ከአፖስትሮፍ ጋር የምትመጣው «ኤስ» ሦስት ሥራ አላት። አንደኛው «ኢዝ» ነው፤ «ዘ ዶክተርስ ካሚንግ» ማለት ሐኪሙ እየመጣ ነው። ሁለተኛው «ሃዝ» ነው፤ «ዘ ዶክተርስ ካም» ማለት ሐኪሙ መጥቷል። ሦስተኛው ባለቤትነት ነው፤ «ዘ ዶክተርስ ፔን» ማለት የሐኪሙ እስክሪብቶ። በአማርኛ «የ» ከፊት ቀድማ ባለቤትነቱን ትነግረናለች። በእንግሊዝኛ ግን የሚለየው ቀጥሎ በሚመጣው ቃል ነው።

የማያጥርበትም ቦታ አለ። «ዋዝ» በዚህች «ኤስ» አይተካም። «እናትየዋ ሦስት ልጆች አሏት» ለማለት «ዘ ማዘርስ ስሪ ችልድረን» ብንል «የእናትየዋ ሦስት ልጆች» ሆኖ ይቀራል። በዓረፍተ ነገር መጨረሻም አይሠራም፤ «ዶክተሩ የት እንዳለ አውቃለሁ» ስንል «ኢዝ»ን ሳናሳጥር መጻፍ አለብን።

በጨዋታና ለጓደኛ በሚላክ መልእክት ማሳጠሩ ነውር የለውም። በፈተና፣ በማመልከቻና በሕክምና ካርድ ላይ ግን ሙሉውን መጻፍ ይሻላል። እኔ ከዚያች ሌሊት ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ «ኢዝ»ን አሳጥሬ ካርድ ላይ ጽፌ አላውቅም።