የትምህርት ቪዲዮዎችን ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ ስለ መለወጥ

መግቢያ

በአገራችን ትምህርትን በሥዕልና በድምፅ መርዳት አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ በኋላ የትምህርት ሥርጭት ተከትሎ መጥቷል፤ በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሳተላይት የሚተላለፈውና በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተስፋፍቷል፤ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜም ሬዲዮና ቴሌቪዥን የመማሪያ ክፍሉን እንዲተኩ ተሞክሯል። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ቪዲዮውን አዘጋጅቶ የሚልከው ማእከሉ፣ ተቀብሎ የሚመለከተው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ነበር። ዛሬ ግን የእጅ ስልክ የያዘ መምህር ሁሉ አዘጋጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህም ቀድሞ የባለሙያዎች ብቻ የነበረው ጥያቄ፣ ይኸውም አንዱ መሣሪያ የቀረጸውን ሌላው መሣሪያ እንዲያነብ የማድረግ ጉዳይ፣ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ መጥቷል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነው በሀዲያ ዞን በሞርሲቶ የተገኘ ልምድ ነው። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመደበች እጩ መምህርት በሀዲይሳ ቋንቋ አጭርና ረጅም አናባቢዎችን የመለየት ትምህርት ስትሰጥ፣ የሥራ ባልደረባዋ በስልክ ቀረጸላት። ሀዲይሳ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ረጅሙ አናባቢ የሚመለከተው ፊደሉን ደግሞ በመጻፍ ስለሆነ፣ የግምገማው ዋና ነጥብ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ነበር። ፋይሉ በኮሌጁ ኮምፒዩተር ሲከፈት ድምፁ ይሰማል፤ ሥዕሉ ግን አይታይም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ፋይሉን በኢንተርኔት ወደሚሠራ መለወጫ ልኮ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል አነስተኛውን መጠን መረጠ። ተለውጦ የመጣው ቪዲዮ ተከፈተ፤ ነገር ግን ፊደሉ አንድ ጊዜ ይጻፍ ሁለት ጊዜ ለመለየት አልተቻለም። ዋናው ፋይል ከስልኩ ላይ ተሰርዞ ስለ ነበር እጩዋ ትምህርቱን በድጋሚ መስጠት ግድ ሆነባት። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሕፃን ስሕተቱን በራሱ ያረመበት ቅጽበት ግን አልተመለሰም። ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የአጠቃቀማችን ስለ ነበር፣ የአሠራሩን መሠረት መረዳት ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

1. መያዣውና የአጻጻፉ ስልት

ብዙዎቻችን «ፎርማት» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እናደባልቃለን። አንደኛው መያዣው ነው። ኤ ቪ አይ፣ ኤም ፒ 4፣ ኤም ኬ ቪ የሚባሉት የፋይል ዓይነቶች ሥዕሉን፣ ድምፁንና አንዳንዴም ጽሑፉን በአንድነት የሚይዙ መያዣዎች ናቸው። ሁለተኛው ኮዴክ የሚባለው ሲሆን፣ ሥዕሉና ድምፁ ተጨምቀው የሚጻፉበትና ተመልሰው የሚነበቡበት ስልት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ኤች 264 ዛሬ በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ይነበባል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤች 265 ደግሞ ተመሳሳይ ጥራትን ባነሰ መጠን ለመያዝ ቢችልም አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላያነቡት ይችላሉ። በሞርሲቶ የተቀረጸውም ችግሩ ይኸው ነበር፤ መያዣው የታወቀ፣ በውስጡ ያለው የሥዕል ስልት ግን ለኮምፒዩተሩ እንግዳ ነበረ።

ነገሩን በአካባቢያችን ምሳሌ ለመግለጽ ይቻላል። ቆጮን ከእንሰት ቅጠል አውጥተን በሌላ ዕቃ ብናስቀምጠው ቆጮው ያው ነው። ከተጋገረ በኋላ ግን ወደ ሊጥነቱ አይመለስም። ቪዲዮም እንዲሁ ነው፤ መያዣውን ብቻ መለወጥ በፍጥነት የሚፈጸምና ጥራትን የማይነካ ሲሆን፣ ኮዴኩን መለወጥ ግን ሥዕሉን አንብቦ እንደገና መጻፍ ስለሆነ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ በተለመዱት ስልቶች ከተሠራም በየጊዜው ከጥራቱ ጥቂት ይቀንሳል። አንዴ የጠፋውን ዝርዝር፣ ፋይሉን መልሶ በማግዘፍ ማግኘት አይቻልም።

2. የመጠን ስሌት

የፋይል መጠን በዋናነት የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ በትምህርቱ ርዝመትና በየሰከንዱ በሚጻፈው የመረጃ ልክ። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 2400 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢጻፍ 9600 ሜጋቢት ይሆናል፤ ይህም ለ8 ሲካፈል 1200 ሜጋባይት ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢጻፍ ደግሞ 300 ሜጋባይት ይሆናል። ልዩነቱ ለማስቀመጫ ቦታ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ይሁን እንጂ የሰሌዳን ጽሑፍ የመሰለ ጥቃቅን ነገር በቅድሚያ የሚደበዝዘው በዚሁ ቅነሳ ነው። ለቋንቋ ትምህርት የድምፁም ልክ ከመጠን በላይ ዝቅ ሊል አይገባም።

3. በኢንተርኔት ስለ መለወጥ

በኢንተርኔት የሚሠሩት መለወጫዎች አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ደረጃ ያገለግላሉ። ተጠቃሚው ፋይሉን ይልካል፤ በሩቅ ያለ ኮምፒዩተር ይለውጠዋል፤ ተጠቃሚው መልሶ ያወርደዋል። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም፤ የመለወጡንም ድካም የሚሸከመው የእኛ ደካማ ኮምፒዩተር አይደለም። ይሁን እንጂ ድካሙ ወደ መስመሩ ይዛወራል። ከላይ የተጠቀሰው 1200 ሜጋባይት በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመላክ 80 ደቂቃ፣ 300 ሜጋባይቱን በዚያው ፍጥነት ለማውረድ 20 ደቂቃ ይፈጃል። የ40 ደቂቃ ትምህርት ለመለወጥ 100 ደቂቃ የመስመር አገልግሎት ጠየቀ ማለት ነው። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ ብዙውን ጊዜ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

ከዚህም የሚበልጠው የደኅንነት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ የዴንቨር ቅርንጫፍ፣ ነፃ የፋይል መለወጫ መስለው ጎጂ ፕሮግራም የሚያሠራጩ ገጾች መኖራቸውን አስጠንቅቋል። በተጨማሪም የክፍል ቪዲዮ የሕፃናትን ፊትና ድምፅ የያዘ ነው። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ አያያዝ በሕግ ሥር አውሏል። ባለቤቱን ወደማናውቀው ኮምፒዩተር የልጆችን ምስል ከመላካችን በፊት፣ ወላጆቻቸው አደራ የሰጡት ለእኛ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

4. ለመምህራን የሚጠቅም አሠራር

ሀ. ፋይሉ አልከፈት ሲል ለመለወጥ አለመቸኮል። ቪ ኤል ሲ የተባለው ነፃ ማጫወቻ ኤች 265ን ጨምሮ ብዙ ዓይነት ኮዴኮችን ስለሚያነብ፣ በቅድሚያ በእርሱ መሞከር ይገባል። የሞርሲቶው ፋይል በዚህ መንገድ ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት መለወጥ ባላስፈለገው ነበር።

ለ. መለወጥ ግድ ከሆነ፣ ያለ ኢንተርኔት በራስ ኮምፒዩተር የሚሠሩትን እንደ ሀንድብሬክ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ማስቀደም። ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ፋይሉ ከኮሌጁ ሳይወጣ ይለወጣል።

ሐ. ሰፊ አገልግሎት የሚሰጠውን መምረጥ፤ ይኸውም ኤም ፒ 4 መያዣ፣ ለሥዕል ኤች 264፣ ለድምፅ ኤ ኤ ሲ ነው።

መ. ከሙሉው ትምህርት በፊት የአንድ ደቂቃ ቅንጫቢ ለውጦ፣ ሰሌዳው መነበቡንና የተማሪ ድምፅ መሰማቱን ማረጋገጥ።

ሠ. በኢንተርኔት መለወጫ መጠቀም የሚገባው ሕፃናት ለማይታዩባቸውና ምሥጢርነት ለሌላቸው አጫጭር ፋይሎች ብቻ ነው።

ረ. የተለወጠው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታይቶ እስኪረጋገጥ ድረስ ዋናውን ፋይል አለመሰረዝ፤ ከተቻለም በሁለት ቦታ ማስቀመጥ።

ማጠቃለያ

ፎርማትን መለወጥ ራሱን የቻለ ግብ ሳይሆን ትምህርቱ ሳይጎድል ለሌላው እንዲደርስ የሚረዳ መንገድ ነው። የለውጡ መልካምነት የሚመዘነውም ፋይሉ በማነሱ ወይም በመከፈቱ ብቻ ሳይሆን፣ መምህርቷ የጻፈችውና ተማሪው የመለሰው በትክክል ተጠብቆ በመገኘቱ ነው። በሞርሲቶ ሁለተኛው ትምህርት ሲቀረጽ ዋናው ፋይል በሁለት ቦታ ተቀመጠ፤ የአንድ ደቂቃ ሙከራም ተደረገ። በሰሌዳው ላይ የተደገሙት ፊደላት ተደግመው ታዩ።